የአሠሪው ዋስ ማነው?

(የግል ድርጅት ባለቤቶችና የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዎች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲስማማ ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ረዘም ያለ ነው። «ጠንካራ የአሠሪ ብራንድ በመገንባት ብቁ ሠራተኛን ስለመሳብና ስለማቆየት» ይላል። ወረቀቱን ቤት ወስጄ ሳገላብጠው ባለቤቴ «ምን እያነበብክ ነው እንዲህ ፊትህ የተኮሳተረው?» ብትለኝ ርዕሱን አነበብኩላት። ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «ታዲያ ስም ማለት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስም ነው። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ የኖሩት እኮ ስለዚሁ ነገር ነው። ልዩነቱ ዛሬ ስማችንን የሚያሳምርልን አማካሪ በክፍያ መምጣቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስለ አርማ ቀለም፣ ስለ ቲሸርትና ስለ ኮፍያ አልናገርም። የምናገረው እናንተ በሌላችሁበት ሰው ስለ መሥሪያ ቤታችሁ ምን ይላል ስለሚለው ነው። ዱሮ አራት ኪሎ አደባባይ ጋዜጣ በሣንቲም ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ ያነብ የነበረው ወጣት፣ ማስታወቂያውን ካነበበ በኋላ አጠገቡ የቆመውን ሰው «ይህን መሥሪያ ቤት ታውቀዋለህ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም ይመጣል። ጥያቄው ግን ያው ነው። መልሱን የሚሰጠውም እናንተ ሳትሆኑ ከእናንተ ዘንድ ሠርቶ የወጣ ሰው ነው።

እስቲ ሰው ስንቀጥር ምን ምን እንደምንጠይቅ አስታውሱ። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የጤና ምርመራ፣ የጣት አሻራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋስ። ዋሱም እንዲሁ የተገኘ ሰው አይደለም። ደመወዙ ይህን ያህል የሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጻፈ፣ ማኅተም ያስመታ መሆን አለበት። ልጁ ዋስ ፍለጋ አጎቱን፣ የአጎቱን ጓደኛ፣ የሠፈሩን ባለሥልጣን ደጅ ሲጠና ይከርማል። ይህን ሁሉ የምናደርገው ስለማናውቀው ነው። ልክ ነው፣ አናውቀውም። እርሱስ እኛን ያውቀናል? ደመወዙን በቀኑ ለመክፈላችን፣ በቃለ መጠይቁ ላይ የነገርነው ነገር እውነት ለመሆኑ፣ ነገ ከነገ ወዲያ በአንድ አለቃ ኩርፊያ ላለመባረሩ ዋስ የሚሆነው ማነው? የሠራተኛው ዋስ አጎቱ ነው። የአሠሪው ዋስ ግን ማነው?

እኔ ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው። የአሠሪው ዋስ ከእርሱ ዘንድ ለቆ የወጣው ሠራተኛ ነው። ሌላ ዋስ የለውም።

ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ፍልስፍና አይደለም። በዱሮው ዘመን ጌታ የሚመዘነው በግብሩ ነበር። አዳራሹ የማይጠብ፣ ማዕዱ የማይጎድል፣ ያገለገለውን የማይረሳ ጌታ ሎሌ አይጠፋበትም። ንፉግና ቃሉን አጣፊ የሆነው ደግሞ፣ ሎሌው ሌሊት ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ደጅ ይሻገርበታል። የጌታና የሎሌ ሥርዓት ይመለስልን ማለቴ አይደለም፤ እግዜር ያርቀው! ያን ጊዜ እንኳን አገልጋይ ጌታውን ይመዝን እንደነበር ለማሳሰብ ያህል ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ከ30 ዓመት በላይ በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ስጀምር ክፍላችን «ፐርሶኔል» ይባል ነበር። ቆይቶ «የሰው ኃይል አስተዳደር» ተባለ። ከዚያም «የሰው ሀብት ልማት» ሆነ። ስሙ እያማረበት ሄደ። መሳቢያው ግን ያው መሳቢያ ነው። ስለዚያ መሳቢያ ነው የምነግራችሁ።

በአንድ የብረታ ብረት ድርጅት ኃላፊ ሳለሁ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ነበረን። 11 ዓመት ያገለገለ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው ነው። የተሻለ ደመወዝ አገኘና በሕጉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቂያ አስገባ። ሥራ አስኪያጃችን አስጠሩኝና፣ «ይህ ሰው የሚሄደው ወደ ተፎካካሪያችን ነው። ክሊራንሱን አዘግይበት፤ ሲቸግረው ይመለሳል» አሉኝ። እኔም አዘገየሁ። አልዋሻችሁም፣ ያን ቀን አልተከራከርኩም። «እሺ ጌታዬ» ብዬ ነው የወጣሁት።

የማዘግየት ጥበብ ለእናንተ አይነገርም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘጠኝ ፊርማ ያስፈልገዋል። ንብረት ክፍል ሲሄድ «ፈራሚው ለመስክ ወጥቷል» ይባላል። ሒሳብ ክፍል ሲሄድ «መጀመሪያ ንብረት ክፍል ይፈርምልህ» ይባላል። በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ ከአምስት ዓመት በፊት የጠፋ አንድ መለኪያ መሣሪያ በስሙ ተገኘ። የሚገርመው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ተተይቦ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ይህ ሁሉ ሲሆን በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በየሳምንቱ መጥቶ በሬ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ መስከረም እየደረሰ ነው። ልጆቼን ላስመዘግብ ገንዘብ የለኝም» አለኝ። እኔም «ሂደት ላይ ነው» አልኩት። ደብዳቤው ከጉልበቴ አንድ ክንድ የማይርቅ ቦታ ነበር።

ሦስት ወር ፈጀ። ሊቀጥረው የነበረው ድርጅት አንድ ወር ጠበቀውና ሌላ ሰው ቀጠረ። እርሱም ወደ እኛ አልተመለሰም። ሥራ አስኪያጃችን ያሉት ሳይሆን ቀረ።

እኛስ ምን አተረፍን? በዓመቱ ሁለት የቶርኖ ባለሙያ ፈልገን ማስታወቂያ አወጣን። ሦስት ጊዜ አወጣን። የመጡት ገና ሙያውን የሚለማመዱ ልጆች ብቻ ነበሩ። «ገበያው ባለሙያ የለውም» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ቆይቼ ስሰማ ባለሙያዎቹ መጥተው ኖሯል። የመጡት ግን ወደ እኔ ቢሮ ሳይሆን በራችን ፊት ለፊት ወዳለችው ሻይ ቤት ነው። እዚያ ቁጭ ብለው ዘበኛችንን ጠየቁት። ዘበኛውም የቶርኖ ባለሙያውን ታሪክ ነገራቸው። ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። እንግዲህ ብራንድ የምትሉት ነገር ያን ቀን የነበረው በአንድ ዘበኛ አፍ ላይ ነው። ዘበኛውም ውሸት አልተናገረም።

ሕጉ ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው የሠራውን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። የሥራ ውሉ ሲቋረጥም የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊከፍል ይችላል። ታዲያ ስንቶቻችን ነን በ7 ቀን የጨረስን? እጅ አውጡ አልላችሁም፣ እንዳላሳፍራችሁ።

ከዚህ የባሰ ነገርም አለ። «ማቆየት» የሚለውን ቃል አንዳንዶቻችን «ማሰር» ብለን ነው የተረጎምነው። የሠራተኛውን ዋናውን ዲግሪ ተቀብለን ካዝና ውስጥ እንቆልፋለን። ለሁለት ሳምንት ስልጠና የሦስት ዓመት የግዴታ ውል እናስፈርማለን። እህቶቻችን ቤይሩትና ሪያድ ደርሰው ፓስፖርታቸውን አሠሪዋ ስትነጥቃቸው እናለቅሳለን፣ «ግፍ ነው» እንላለን። ግፍ ነው! የልጁን ዲግሪ ካዝና ውስጥ የቆለፈው የአዲስ አበባ ነጋዴስ ያደረገው ምንድነው? የሰውን ወረቀት ይዞ ሰውየውን መያዝ እዚያም እዚህም አንድ ነው።

ነገሩ በአንድ ድርጅት ቢቀር ምን ነበረበት። አገርም እንደ አሠሪ ስም አላት። መንግሥት ባለሀብት ለመሳብ በየውጭው አገር መድረክ ሲዞር «ርካሽ ጉልበት አለን» እያለ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ይህም የአሠሪ ማስታወቂያ ነው። አንድ አባት ልጁን «ርካሽ ነው፣ ውሰዱት» ብሎ ገበያ ቢያወጣ ልጁ ምን ይሰማዋል?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከገጠር የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ገቡበት። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በግንቦት 2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑን፣ በባንግላዴሽ በዚያን ጊዜ 95 ዶላር፣ በኬንያ ደግሞ 207 ዶላር እንደነበር ጻፉ። በዚህ ደመወዝ ቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት አይሸፈንም። ልጆቹ ምን አደረጉ? ለቀቁ። ጥናቱ እንዳለው በመጀመሪያው ዓመት የለቀቁት ብዛት ከተቀጠሩት ብዛት ጋር የሚተካከል ነበር። ከዚያም በፊት ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን የተባሉ ሁለት ምሁራን በአገራችን አምስት ድርጅቶች የተመዘገቡ ሥራ ፈላጊዎችን ተከታትለው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ለቀዋል።

አንዳንድ ባለፋብሪካ ይህን ሲሰማ «ሐበሻ ሥራ አይወድም» ይላል። ይህ ስድብ ነው። ልጅቷ ሒሳብ ስለምታውቅ ነው የለቀቀችው። ጉልበቷን ከምትሸጥበት ዋጋ ይልቅ ጉልበቷን ለማቆየት የምትበላው በለጠባት። ሠፈሯ ተመልሳ ለጓደኞቿ የምትናገረውን ደግሞ ማንም የማስታወቂያ ድርጅት አያስተባብለውም። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አገራችንን ከአጎዋ ያስወጣችው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የሠራተኛው ፍልሰት ግን ከዚያ ዓመታት አስቀድሞ የነበረ ችግር ነው። ሁሉንም በአጎዋ ማሳበብ አይቻልም።

ከሁሉም ትልቁ አሠሪ ደግሞ ራሱ መንግሥት ነው። ስለ እርሱ ሳልናገር ብወርድ አንባቢም አድማጭም ይታዘበኛል። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደብዳቤ ተባረሩ። ከእነርሱ መካከል እውቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይገኙበታል። ያን ደብዳቤ የጻፈው እጅ የሚያባርረው አርባ ሰው ብቻ መስሎት ይሆናል። ውጭ አገር ትምህርታቸውን ሊጨርሱ የነበሩ፣ ሻንጣቸውን ሊሸክፉ ያሰቡ ስንት ወጣቶች ያን ወሬ ሰምተው ሻንጣቸውን መልሰው እንዳስቀመጡ የቆጠረ የለም። ከዚያ በኋላም በኢሕአዴግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው «አንድ ለአምስት» እየተባለ ተጠረነፈ። ዕድገት በሙያ ይሁን በአባልነት ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። ባለሙያው ግን ለይቶ አወቀ፤ አውቆም ሄደ።

በቅርቡ ደግሞ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሥራ አቆሙ። ሐኪም ሥራ ሲያቆም በሽተኛ ይጎዳል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሐኪሞቹም ራሳቸው ያውቁታል። ዳሩ ግን የተሰጣቸው መልስ ምን ነበር? በርካቶቹ ታሰሩ። ለሚዛናዊነት ያህል፣ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሽሏል። ይሁንና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ገበያው የት እንደደረሰ የቤት እመቤት ጠይቁ። መንግሥት «በጀት የለኝም» ቢል እንኳ እንረዳው ይሆናል። አገሪቱ ደሃ ናት። ግን እኮ ደመወዝ ለመጨመር ነው እንጂ ገንዘብ የሚያስፈልገው፣ ሰውን ላለማሰር በጀት አይጠይቅም። ቁጭ ብሎ ለማነጋገርም የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ዛሬ የሕክምና ተማሪ ከመመረቁ በፊት የውጭ አገር ፈተና የሚያጠናው አገሩን ስለጠላ አይደለም። የአሠሪውን ዋስ ጠይቆ መልሱን ስለሰማ ነው።

መንግሥትን መውቀስ ለእኛ ለግሎቹ ይጣፍጠናል። ጭብጨባችሁም ይህን ይመሰክራል። ግን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ በዘመድ ስንቀጥር፣ የባለቤቱ የወንድም ልጅ ትናንት መጥቶ ከ15 ዓመት ሠራተኛ በላይ ሲቀመጥ፣ ይህ ከ«አንድ ለአምስት» በምን ይለያል?

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮችን ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያችሁ ላይ ደመወዙን ጻፉ። «ደመወዝ፦ በስምምነት» ትላላችሁ። አንደኛው ወገን ሆዱ ባዶ፣ ሌላኛው ወገን ወንበሩ የሞቀው ሆኖ ስምምነት የለም። ቁጥሩን የምንደብቀው ስለሚያሳፍረን ከሆነ መድኃኒቱ መደበቅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ያልቀጠራችሁትን ሰው አሰናብቱት። ከሐዋሳ፣ ከደሴ የትራንስፖርት ተበድሮ መጥቶ ተፈትኖ «እንደውልልሃለን» የተባለ ሰው ስልኩን እያየ ይከርማል። «አላለፍክም፣ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ዋጋው ስንት ነው?

ሦስተኛ፣ የሙከራ ጊዜውን አክብሩት። በአዋጁ መሠረት 60 የሥራ ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ሠራተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ስለሚቻል፣ በ59ኛው ቀን እያሰናበቱ በአዲስ ሰው የሚተኩ ድርጅቶች አሉ። ብልጥ የሆኑ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ዋሶቻቸውን አንድ በአንድ እያባረሩ እንደሆነ ነው የሚታየኝ። ይልቅ ለአዲሱ ሰው በመጀመሪያው ቀን ወንበር፣ መሣሪያና የሚያሳየው አንድ ነባር ሠራተኛ አዘጋጁለት።

አራተኛ፣ ደመወዝን በቀኑ ክፈሉ። ትልቅ ደመወዝ በ12ኛው ቀን ዘግይቶ ከሚመጣ፣ መጠነኛው በቀኑ ቢመጣ ሠራተኛ ይመርጣል። የቤት አከራይ ቀን አያራዝምምና።

አምስተኛ፣ ማኅበር ሲቋቋም አትደንግጡ። ሕጉ 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። ማኅበር ያለው ሠራተኛ ቅሬታውን ወደ እናንተ ያመጣል። የሌለው ወደ ሻይ ቤቱ ይወስደዋል።

ስድስተኛ፣ የሚለቀውን ሰው እንደገባበት ቀን በክብር ሸኙት። ለምን እንደሄደም ጠይቁት። የሚሄድ ሰው አይፈራም፣ እውነቱን የሚነግራችሁ እርሱ ነው።

ስማችሁ የት እንደደረሰ ለማወቅም ጥናት አታስጠኑ። አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ። ክፍት ቦታ ሲኖር ሠራተኞቻችሁ ወንድማቸውን፣ እህታቸውን፣ ጓደኛቸውን «ና ተመዝገብ» ይላሉ ወይ? ካሉ ዋስ አላችሁ። ዝም ካሉ ግን ግድግዳው ላይ የሰቀላችሁት «ሠራተኞቻችን ሀብቶቻችን ናቸው» የሚለው ጽሑፍ ለጌጥ ነው።

ልጨርስ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያን የቶርኖ ባለሙያ ፈልጌ ሄድኩ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። የራሱን ቶርኖ ቤት ከፍቷል፣ 14 ሠራተኛ አለው። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፣ ቃሉ ግን እንዳሰብኩት አልወጣልኝም። ሻይ አስመጣልኝ። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት። የመጀመሪያው ልጅ ያን ዓመት ሳይማር እንደቀረ በዚያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከዚያ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የእኔ ሠራተኛ ሲለቅ ደብዳቤውን በዚያው ቀን ነው የምሰጠው። ይህን ከእናንተ ነው የተማርኩት» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም። እንዲያው እንደ ተራ ነገር ነው የነገረኝ። ሻዬን አልጨረስኩም።

እንግዲህ ለእናንተ ያለኝ ምክር ይኸው ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ አማካሪ ከመጥራታችሁ በፊት መሳቢያችሁን ክፈቱ። እዚያ ውስጥ የአንድ ሰው ደብዳቤ ካለ ስልክ ደውላችሁ ጥሩትና ስጡት። ምናልባት የጠፋ መለኪያ መሣሪያ ይኖር ይሆናል። ይጥፋ።